ፍላሹን የካደ ስልክ

ካልቶንጋ ወደ ሱቄ ሲመጣ ያፏጭ ነበር። የእኔን ዘፈን ግን አልነበረም። የእኔን ዘፈን እኔ ባለሁበት ማፏጨት በሹም ከታገደ አስራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ቅጣቱ አንድ አሳማ ነው፤ ካልቶንጋ ደግሞ ለአሳማው የሚሳሳ ሰው ነው።

«የእኔ ዘፈን» ስላችሁ እኔ የዘፈንኩት እንዳይመስላችሁ። በእኔ ላይ የተዘፈነ ነው። ሃያ ዓመቴ ላይ ሳንቶ ደሴት ይሠራ ለነበረ ሞሪስ ለሚባል ሰው ታጨሁ። በመርከብ ይመጣል ተባለ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ጆሮዬ ላይ አበባ ሰክቼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቪላ ወደብ ላይ ቆምኩ። መርከቡ መጣ። ሩዝ አወረደ፣ ሲሚንቶ አወረደ፣ ዶሮ ሳይቀር አወረደ። ሞሪስ የለም። ለካ መንገድ ላይ ማለኩላ ሲደርሱ ከሌላ ሴት ጋር ወርዶ ቀርቷል። እኔ ይህን የት ላውቅ፣ የመርከቡ ሆድ ባዶ እስኪሆን ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። ዝናብ ጣለብኝ። አበባዬን እንኳ ከጆሮዬ አላነሳሁም።

ካልቶንጋ ያን ቀን ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር። የሩዝ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያዘነልኝ መሰለኝ። ለካ ሰውዬው ቤት እየመታ ኖሯል! በሳምንቱ እሑድ፣ ከነጓደኞቹ፣ በአራት ጊታርና በአንድ ዩኩሌሌ አጅቦ በዚያ ቀጭን ድምፁ ለቀቀው፦

ሩዙም ወረደ፣ ሲሚንቶም ወረደ፣
የሌይማራ ሙሽራ በየት በኩል ሄደ?

ሌይማራ እኔ ነኝ። ስሜን እንኳ አልቀየረውም።

እኛ አገር ኢንተርኔት ውድ ነው፤ ዘፈን የሚሄደው ከፍላሽ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ፍላሽ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከቪላ እስከ ታና ደሴት አዳረሰ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ድምፁን ይቀንሳል፤ ስወርድ መልሶ ይጨምረዋል። ሳይቀንሰው ቢተወው ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር አጎቴ ዊሊ ለሹም ከሰሰልኝ። በባህላችን በዳይ ሰሌን ይዞ ይመጣል፤ አሳማ ይጎትታል፤ ሹም ፊት ዘርግቶ ጥፋቱን ይናገራል። ካልቶንጋም አስር ሰሌንና አንድ አሳማ አመጣ። ሹም ታሪሙሊ እጁን ሰሌኑ ላይ አድርጎ፣ «ነገሩ እዚህ አበቃ። ከዛሬ በኋላ ይህን ያነሳ፣ በዳይም ይሁን ተበዳይ፣ አሳማ ይከፍላል» አለ። ሰሌኖቹን አጎቶቼ ተከፋፈሏቸው። አሳማውንም በሉት። ለእኔ የደረሰኝ አንድ የጎድን አጥንት ነው፣ እሱም ብዙ ሥጋ አልነበረውም።

በዚህ ዓይነት አፌ ተዘጋ። ዘፈኑ ግን አልተዘጋም፤ ዘፈን ሰሌን አይቀበልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን ላለመርሳት ምንም መድከም አላስፈለገኝም፤ አገሩ ሁሉ በየቀኑ ያስታውሰኝ ነበር።

ስልክ ጥገና የተማርኩት ለዚሁ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «እጄ ለጥቃቅን ሥራ ይመቻል» እላለሁ፤ ውሸት ነው። ገበያው ጥግ፣ ከቻይናው ሱቅ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባሕር ውስጥ የወደቀ፣ ባትሪው ያበጠ ስልክ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንዱም ከእጄ ሲወጣ እንደመጣ አይወጣም፤ አንድ ዘፈን ይጎድለዋል። እየፈለግሁ አጠፋው ነበር። አስር ዓመት ሙሉ፣ ስልክ በስልክ። ባሕርን በጭልፋ መጨለፍ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን በእያንዳንዷ ጭልፋ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ሰኞ ካልቶንጋ እያፏጨ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ክርኑን አስደገፈ።

«እህቴ ሌይማራ! እንዴት አደርሽ?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚያናግረኝ። ምን ላድርገው? ሰሌን የሰጠ ሰው ሰላም የማለት መብት አለው። እኔም የመመለስ ግዴታ አለብኝ።

«ደህና ነኝ፣ ወንድሜ። ምን እግር ጣለህ?»

«ተይኝ እስቲ! ይሄ የተረገመ ስልክ ፍላሼን ካደኝ። እሰካዋለሁ፣ ዝም። እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፣ ዝም። ጭራሽ አላውቃትም ይለኛል።»

«ምን አለው ፍላሹ ውስጥ?»

«ሕይወቴ ነው ያለው!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓደኞቼ ሁሉ አውስትራሊያ ፍራፍሬ ለቀማ ሄደዋል፣ ታውቂ የለ? ከባንዱ የቀረነው እኔና አፌ ብቻ ነን። ከመሄዳቸው በፊት ጊታሩንም ዩኩሌሌውንም ቀድተው በዚች ፍላሽ ሰጡኝ። ሐሙስ ለነጻነት በዓል ሰፈራችን ሜዳ ላይ በዚህ ላይ እዘፍናለሁ። ከባሕር ማዶ፣ ከኑሜያ ከተማ አንድ ሰው ይመጣል፤ ለትልቅ ድግስ ዘፋኝ እየመረጠ ነው። ከወደደኝ ልጆቹ ሲመለሱ ሁላችንንም ይወስደናል። አዲስ ዘፈኖች ናቸው፣ አስራ ሁለት።»

«ስፒከሩ ላይ ቀጥታ አትሰካውም?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ስፒከር እኮ ነው። የፍላሽ ቀዳዳውን ጉንዳን ቤት ሠርቶበታል። ከስልክ በሽቦ ካልሆነ አይሰማም።»

ስልኩን ተቀበልኩት። ደንበኛ ደንበኛ ነው፤ እጄም ልማዱን ያውቃል። መጀመሪያ ቀዳዳውን በመብራት አየሁ፤ ከዚያ በስንጥር ጠርጌ አንድ ቁንጥር ክርና ላፕላፕ ከሚባለው ምግባችን የተረፈ የደረቀ የኮኮናት ፍቅፋቂ አወጣሁ።

«ስልክህ ላፕላፕ ይበላል እንዴ?»

«እኔ ስበላ ዝም ብሎ ይየኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህ ሰው ያስቃል፤ ከሁሉ በላይ የምጠላበትም ይህንኑ ነው።

መልሼ ሰካሁ፤ ዝም። ፍላሹን ከስልኩ የሚያገናኘውን ቁራጭ በራሴው ማገናኛ ቀየርኩት፤ ዝም። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ዝም። ፍላሹን አውጥቼ የራሴ ስልክ ላይ ስሰካው ወዲያው አስራ ሁለቱንም ዘፈን ዘረዘረልኝ። እንግዲያው ፍላሹ ጤነኛ ነው፤ ቀዳዳውም ቻርጅ ስለሚቀበል ጤነኛ ነው። የቀረው ሴቲንግ ነበር።

ካልቶንጋ ዞር ብሎ አናናስ የምትሸጠዋን ሴትዮ እያነጋገረ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ወደ ታች ወረድኩ። አገኘሁት። ይህ ዓይነት ስልክ ከውጭ የተሰካ ነገር እንዲያውቅ የሚፈቅድ አንድ ማብሪያ አለው፤ ጠፍቶ ነበር። ነካሁት፤ ፍላሹ ቦግ አለ። በሽታው ይኸው ነው። ግን ስልኩ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ምንም ሳይሠራ አስር ደቂቃ ከተቀመጠ ማብሪያውን ራሱ መልሶ ያጠፋዋል። ባትሪ ለመቆጠብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፍላሹን ሲነቅልና ሲሰካ ይኖራል።

ለማንም ደንበኛ የምናገረው ይህን ነው፦ «ማብሪያው እዚህ ነው፤ ከጠፋ አብራው። ከዚያ ደግሞ የማትፈልጋቸውን ቪዲዮዎች አጥፋና ዘፈኖቹን ስልኩ ላይ ኮፒ አድርጋቸው።» የካልቶንጋ ስልክ በእግር ኳስ ቪዲዮ ጢም ብሎ ነበር። ሦስቱን ብናጠፋ አስራ ሁለቱም ዘፈን ይገባ ነበር።

ለካልቶንጋ አልነገርኩትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ነበር። አውራ ጣቴ እዚያው ላይ ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ ንብረቱ የጠፋበት ሰው ይታዘንለታል፤ «ምስኪን ካልቶንጋ» ይባላል። እኔ እንዲያዝኑለት አልፈልግም ነበር። እንዲስቁበት ነበር የምፈልገው። ሰው ፊት፣ ቆሞ፣ የማይመጣ ነገር ሲጠብቅ።

አንዱን ዘፈን ከፈትኩለት። ጊታሩ ሲንቆረቆር እጁን ዘርግቶ አናናሱ መሐል ጨፈረ።

«አንቺ ጠንቋይ! ምን ሆኖ ነው?»

«ቆሻሻ ነበረው» አልኩት። «እስከ ሐሙስ ፍላሹን አትሰካው፤ መልሶ ይቆሽሻል።»

«ስንት ልክፈልሽ?»

«ተወው። ለበዓሉ ይሁንልህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ! ልብሽ እኮ ንጹሕ ነው» ብሎኝ እያፏጨ ሄደ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን ያን ሳምንት ከወትሮው ይበልጥ ጸለይኩ። የጸለይኩትም ሹም ታሪሙሊ የበዓሉን ንግግር እንዳያሳጥር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ሞላ። ባንዲራው ተሰቀለ፤ ሴቶቹ በየጥላው ላፕላፕ ከቅጠሉ እየፈቱ ይቆርጣሉ። እኔ ከእማዬ ጋር ከፊት ተቀመጥኩ። የኑሜያው ሰው ነጭ ኮፍያ አድርጎ ከሹሙ ጎን ወንበር ተሰጥቶታል። ካልቶንጋ አበባ ያለው ሸሚዝ ለብሶ፣ መድረክ የተባለው የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ፣ ስልኩን በሽቦ ከስፒከሩ ጋር አያያዘው። ፍላሹን ሰካ፤ ማብሪያውንም እዚያው ሜዳ ስንገባ «ልይልህ» ብዬ እኔው ራሴ አብርቼለት ነበር። ሞከረው፤ ሠራ። ሰው አጨበጨበ። ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝና አውራ ጣቱን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት።

ከዚያ ሹም ታሪሙሊ ተነሳ።

እኛ ዘንድ ሹም ሲናገር እጅ ጭን ላይ ነው። ስልክ የሚነካካ ሰው ሹሙን ሰድቧል። ካልቶንጋም ስልኩን ስፒከሩ ላይ አስቀምጦ፣ ከመኪናው ወርዶ፣ መሬት ላይ አጎንብሶ ተቀመጠ። ሹሙ ከባንዲራው ጀመረ። ወደ አውሎ ነፋሱ ሄደ። ከአውሎ ነፋሱ ወደ ተደፈነው ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ባለቤት የሌላቸው ውሾች። ስለ ውሾቹ ብዙ የሚለው ነበረው። እኔ አስሩ ደቂቃ ሲሞላ በልቤ «አሁን» አልኩ። ሹሙ ከዚያም በኋላ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ቀጥሎ ፓስተሩ ጸለየ፤ እሱም ውሾቹን አልረሳቸውም።

«አሁን ካልቶንጋ!» ተባለ።

ወጣ። ማይኩን ያዘ። «የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን አዲስ ዘፈን...» አለና ስልኩን ነካው። ዝም። እንደገና ነካው። ዝም። ፍላሹን ነቅሎ እፍ አለበት፤ ሰካው። ነቅሎ በሸሚዙ ጠረገው፤ ሰካው። ላብ በጆሮው ሥር ሲወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። አንዲት ሴት ፈገግ አለች። ከኋላ አንዱ «ካልቶንጋ፣ ሳመው!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው ሳቀ። እሱም እውነት መስሎት ይሁን ግራ ገብቶት ፍላሹን ከንፈሩ ላይ አደረገው። ሳቁ እጥፍ ሆነ። የኑሜያው ሰው ሰዓቱን አየ።

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደስታ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ቁም እንግዲህ፣ አልኩ በሆዴ። አንተም ቁም። ጠብቅ።

ያን ጊዜ ነው ከዓሣ ሻጮቹ በኩል አንዱ፣ «ስልክ የማይፈልገውን ዝፈንልን እንጂ!» ያለው።

«የትኛውን?» አለ ሌላው፣ የማያውቅ መስሎ።

«ሩዙም ወረደ...»

መጀመሪያ አንድ ድምፅ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሃያ ሆኑ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣ በጭብጨባ፣ ከነሴቱ ከነወንዱ፣ ጊታር ሳይፈልግ፣ ፍላሽ ሳይፈልግ ተቀበለው። አንድ ቃል አልተሳሳቱም። አክስቴ እንኳ ላፕላፕ እየቆረጠች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሹም ታሪሙሊ፣ ያገደው ራሱ ሹም ታሪሙሊ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ በእግሩ ጣት ምቱን ይመታል። እኔ አስር ዓመት ከስልክ ስልክ ሳሳድደው የኖርኩት ዘፈን ለካ የሰው አፍ ውስጥ ኖሯል። ጸጥታውን የሰጠኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

እማዬ እጄን ያዘችው። አልለቀቀችውም፣ አላየችኝምም።

ካልቶንጋ በሁለት እጁ ያራግባል። «ተዉ! ሰሌን ተሰጥቶበታል! ኧረ ተዉ!» ለእኔ አዝኖ አይደለም፤ አሳማውን ፈርቶ ነው። ማንም አልሰማውም። መጨረሻ ላይ በማይኩ፣ «ሌይማራ! እባክሽ እህቴ፣ ነይና ይሄን ነገር አስተካክይልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሜዳው ዞሮ አየኝ። እየዘፈኑ ነው ዞረው ያዩኝ።

ቢጨንቀኝ ተነሳሁ። ዘፈኑን የሚያቆመው ሌላ ዘፈን ብቻ ነበር፤ እሱም የሚገኘው ከዚያ ስልክ ነው። በመሐላቸው አልፌ መኪናው ላይ ወጣሁ። ሴቲንግ ገባሁ፣ ወረድኩ፣ ማብሪያውን ነካሁ። ጊታሮቹ ፈነዱ። ሰዉ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ካልቶንጋ ግን ጣቴን ሲከተል ነበር። ሞኝ አይደለም። ማይኩን በመዳፉ ሸፈነው።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ሰኞም ታውቂው ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም፤ እንዲያውቀው ፈለግሁ። «ሰኞም አውቀው ነበር። አስር ደቂቃ ሥራ ከፈታ ይጠፋል።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጣቱም የማይኩን እጀታ ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይህን ፊት አውቀዋለሁ! የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ያየሁት ፊት ነው። ሰውዬው ቤት እየመታ ነበር። አስር ደቂቃ፣ ማብሪያ፣ ሌይማራ፣ ሁሉም ለዜማ የሚመቹ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ዘፈን እኔን ምስኪን ነበር ያደረገኝ፤ ይኼኛው ክፉ ያደርገኛል። ለእሑድ ይደርሳል፤ በወሩ ታና ነው።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩና ወደ ቤት ሮጥኩ። ባለፈው ጊዜ ዘፈኑ በሳምንቱ ወጣ፤ ሰሌኑ በሦስት ወሩ መጣ። ስህተቱ ያ ነበር።

አልጋ ሥር ገብቼ ስጎትት እማዬ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰሌን ልሰጥ።»

«ለማን?»

«ለካልቶንጋ።»

ሰባት ሰሌኖች ነበሩ፤ በቀይ ቀለም የተነከሩ። ስታጭ እማዬ ለሠርጌ የሠራቻቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወጥተው አያውቁም። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለእሱ? ለዚያ ሰው? ባዶ እጅሽን ልታገቢ ነው?»

«እማዬ፣ አሁን ካልሰጠሁት ነገ ሁለተኛ ዘፈን አለኝ። አፉን ሳይከፍት በፊት ልዝጋው።»

እማዬ የገባት በቀስታ ነው። መጀመሪያ ሰሌኖቹን አየች፣ ከዚያ እኔን። ከዚያ የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼባት አላውቅም።

«የአሳማችንን ገመድ እኔ እይዛለሁ» አለች።

ሜዳ ስንደርስ ካልቶንጋ እየጨረሰ ነበር፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። የኑሜያው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ላፕላፕ ይበላል። ካልቶንጋ ከመኪናው እንደወረደ ሰባቱን ሰሌን ሹሙ እግር ሥር ዘረጋኋቸው። እማዬ አሳማውን አቆመችው። ሰው ከበበን።

«ሹሜ፣ ወንድሜን ካልቶንጋን ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። «የስልኩን በሽታ አውቄ ደብቄዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸው ሰሌኔ፣ ይኸው አሳማዬ። ነገሩ ዛሬ፣ አሁን ይዘጋ።»

ሹም ታሪሙሊ ግራ ገባው። «ልጄ፣ ማንም አልከሰሰሽም እኮ።»

«ሳልከሰስ ነው የመጣሁት።»

«መልካም ነው» አለ ጺሙን እያሻሸ። «እንግዲህ... ከዛሬ በኋላ ይህን የሚያነሳ...»

«ሹሜ፣ ‹በንግግርም በዘፈንም› የሚለውን ይጨምሩልኝ።»

«ለምን?»

«ዛሬ እንዲሁ የተዘፈነ ነገር ነበር። የዘፈነ ሁሉ አሳማ ይክፈል ቢባል ሰፈሩ ውስጥ አሳማ የሚተርፍ አይመስለኝም። በእግር የመታም ካለ...»

ሹሙ አሳለው። «በንግግርም በዘፈንም!» አለ ቶሎ ብሎ። «ካልቶንጋ፣ ትቀበላለህ?»

የተዘረጋ ሰሌን የማይቀበል ሰው ጠላትነቱን አወጀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሬሳውን እንኳ የሚሸከምለት አይገኝም። ካልቶንጋ ይህን ያውቃል። ጎንበስ ሲል ፊቱ ፊቴ አጠገብ መጣ።

«አንድ ቀን ስጪኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ሌይማራ፣ በሞቴ። ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ ብታውቂ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ መጥቶልኝ አያውቅም።»

«አንድ ደቂቃ አልሰጥህም።»

እጁን ሰሌኑ ላይ አደረገ።

አሮጌው ዘፈን አልሞተም። ትናንት እንኳ ሚኒባስ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ ቀነሰው። እማዬም አልጋዋ ሥር ባዶ በመሆኑ አንዳንዴ ትተክዛለች። እኔም ስልኮቹ ላይ መፈለጉን ትቻለሁ፤ ጥቅም የለውም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ካልቶንጋን ፌርማታው ጋ አገኘሁት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጊታር ይመታል። ሰምቼው የማላውቀው ዜማ ነበር። ጠላቴ ነው፤ ጆሮዬ ግን አይዋሽም፤ እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ካልቶንጋ ከንፈሩን ገጥሞ ነው የሚመታው። ሲያየኝ መዳፉን አውታሩ ላይ ጣለ።

«እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ?»

«ደህና ነኝ፣ ወንድሜ። ግሩም ዜማ ነው። ግጥም የለውም?»

አፉ ላይ የደረሰውን ስንኝ ዋጠው። አወቅሁት፤ እኔ አስራ አንድ ዓመት ስውጠው የኖርኩት ነው።

«የለውም» አለኝ።

«ምታው እንጂ» አልኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። አልተሳፈርኩም።